ጅረት ዳር ማደር፦ ለግሪን ሪጅ ደን የድንኳን አዳር መመሪያ

መንገድ ዳር የሚታዩት «ስቴት ፓርክ» እና «ስቴት ፎረስት» የሚሉ ምልክቶች ለብዙ ሰው አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው ሲመሽ ነው። ፓርኩ ብዙውን ጊዜ ሻወር፣ የቧንቧ ውኃ፣ መብራት ያለው መጸዳጃ ቤትና ቅርብ ጠባቂ አለው። የስቴት ደን የሚሰጣችሁ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቀለበትና ጨለማ ነው። የረሳችሁት ነገር ካለ እዚያ አታገኙትም።

ይህ መመሪያ ሜሪላንድ ምዕራብ፣ አሌጋኒ ካውንቲ ውስጥ ላለው ግሪን ሪጅ ስቴት ፎረስት የተዘጋጀ ነው። ወደ 49,000 ኤከር የሚጠጋ የኦክና የሂከሪ ደን ሲሆን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ለቅዳሜና እሑድ ሄዶ ለመመለስ የሚመች ነው። በውስጡ 100 ያህል የድንኳን ቦታዎች ተበታትነው ይገኛሉ። ደኑን ሰንጥቆ ፊፍቲን ማይል ክሪክ የሚባል ጅረት ያልፍና ሊትል ኦርሊንስ ላይ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ሰው ሁሉ የሚመኘው ጅረት ዳር ያለውን ቦታ ነው። ያ ቦታ ግን ከሌላው የበለጠ ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል፣ ዝናብ ሲበረታም መጀመሪያ የሚያሰጋው እሱ ነው። ሌላ ስቴት ውስጥ ወዳለ ደን የምትሄዱም ብትሆኑ፣ ከመንገዱና ከምዝገባው በቀር አሠራሩ ያው ነው።

1. ቀን፣ ቦታና መንገድ

ምርጡ ጊዜ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ትንኙ ይቀንሳል፣ ወበቁ ይበርዳል፣ ቅጠሉም ቀለም ይቀይራል። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሳ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ነው። ሜይ ያምራል፤ ነገር ግን መዥገሩ የሚበረታውም ያኔ ነው። ግሪን ሪጅ አደን የሚፈቀድበት ደን መሆኑንም አትርሱ። በሜሪላንድ የአጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሲሆን ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ሰሞን ልጆች ይዛችሁ አትሂዱ። በሌላ የአደን ጊዜ ከሄዳችሁ ሁሉም ሰው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ይልበስ። ነጭ ነጠላ ለብሶ ዛፍ ለዛፍ መዘዋወር ያኔ አይሆንም፤ እዚያ የሚታደነው አጋዘን ጅራቱ ነጭ ነው።

ድንኳን የሚተከለው ቁጥር በተሰጣቸው ቦታዎች ብቻ ነው። የዕለቱን ዋጋ፣ የምዝገባውን አሠራርና በአንድ ቦታ የሚፈቀደውን የሰውና የመኪና ብዛት ከደኑ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ለቡድን የሚሰጡትን ቦታዎች ጠይቁ፤ አንዱ ቦታ ላይ ተጨናንቆ መግባት ቅጣት ያመጣል። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ፦ ድንኳኑ የሚተከልበት መሬት ከጅረቱ ምን ያህል ከፍ ይላል? የጠጠር መንገዱ ለተራ የቤት መኪና ይሆናል? ከዚያ ለመውጣት ውኃ ማቋረጥ ያስፈልጋል? ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው። ሌሊት ሲዘንብ ድንኳናችሁ ደረቅ ሆኖ መንገዱ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ከዲሲ አካባቢ አውራ ጎዳና 270ን ይዛችሁ እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ 70 ምዕራብን እስከ ሃንኮክ፣ ከሃንኮክ ደግሞ 68 ምዕራብን ይዛችሁ መውጫ 64 ላይ ትወጣላችሁ። የደኑ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የዓርብ ከሰዓት በኋላውን 270 ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ በጠዋት መነሳት ይሻላል፤ አዲስ ድንኳን በጨለማ መትከል ባልና ሚስት ያጣላል። ነዳጅ፣ በረዶና ማገዶ ሃንኮክ ላይ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ሳይድሊንግ ሂል ላይ ተራራው ለሁለት ተቆርጦ፣ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ነጋዴ እንደ ደረደረው ጣቃ ጨርቅ ተደራርቦ ይታያል። እሱን ካለፋችሁ ሩቅ አልቀራችሁም።

ሸለቆው ውስጥ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። የቦታችሁን ቁጥር፣ የመንገዱን ስምና የምትመለሱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ለቤተሰብ ተዉ፤ አንድ ቅጂ መኪና ውስጥ ይኑር። 911 ስትደውሉ «ጫካ ውስጥ ነን» ማለት ማንንም አያደርስላችሁም።

2. ጅረቱን ማንበብ፣ ከዚያ ድንኳን መትከል

ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት ወደ ጅረቱ ውረዱና ዙሪያውን ተመልከቱ። ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ የተጠላለፈ ጭራሮ ወይም ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ ካያችሁ፣ ያለፈው ደራሽ ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ድንኳኑ ከዚያ ምልክት በላይ መሆን አለበት፤ በምን ያህል ቢባል ቢያንስ በሰው ቁመት። የተመደበላችሁ ቦታ ከዚያ ዝቅ ካለና ዝናብ ከተተነበየ፣ ሌላ ቦታ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ እንጂ «አንድ ሌሊት ነው» አትበሉ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ደራሽ የሚመጣው እናንተ ላይ ከዘነበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዘንቦ እናንተ ጋ ኮከብ ሊታይ ይችላል። ሲመሽ ውኃው ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን እንጨት ትከሉና ውኃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት አድርጉበት። ከመተኛታችሁ በፊትና ሌሊት በነቃችሁ ቁጥር በባትሪ እዩት። ውኃው ከምልክቱ በጣት ያህል ከፍ ካለ፣ ከጠራ ወደ ድፍርስ ከተለወጠ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከማንሿሿት ወደ ጉርምርምታ ከተቀየረ፣ ድንኳኑን ትታችሁ ሰዉን ወደ ከፍታው አውጡ። የቁርጭምጭሚት ያህል፣ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲሜትር ደግሞ ብዙዎቹን ትንንሽ መኪናዎች ያንሳፍፋል። ስለዚህ መንገዱን ውኃ ከሸፈነው ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው። ጅረቱ ሲያንሿሽ ሌላውን ድምፅ እንደሚውጥም አስታውሱ፤ ሩቅ ያለ ነጎድጓድም፣ ጠርዝ ላይ የሚጫወት ልጅ ጥሪም አይሰማም።

ቀጥሎ ቀና ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። ቅጠል የሌለው፣ ልጡ የተላጠ ዛፍ ወይም የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ ከሥሩ አትትከሉ። አሽ የሚባለውን ዛፍ ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል አረንጓዴ ጥንዚዛ በብዛት ገድሎታል፤ የቆመው ሬሳው ነፋስ ሳይኖርም ይወድቃል።

አተካከሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. መሬቱን ከጠጠር፣ ከኦክ ፍሬና ከእሾህ አጽዱ። ጎድጎድ ያለ ቦታ ደረቅ ሆኖ ሳለ ይመቻል፣ ሲዘንብ ግን ገንዳ ይሆናል። ትንሽ ያዘነበለ ይሻላል፤ ራሳችሁን ወደ ከፍታው አድርጉ።

ለ. ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ሸራ በሁሉም ጎን ከድንኳኑ ወለል 5 ሴንቲሜትር ያህል ጠበብ ይበል። አብዛኛው ሰው «ድንኳኔ አፈሰሰ» የሚለው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው፤ ወደ ውጭ የተረፈው ሸራ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ሥሩ ያስገባዋል።

ሐ. ካስማው ጭንቅላቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘምበል ብሎ ይመታ። ጅረት ዳር መሬቱ ጠጠር ስለሆነ ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ ይጎብጣል። ሰባት ስምንት ወፍራም የብረት ካስማ ለብቻ ግዙ። አልገባ ካለ ገመዱን በረጅም እንጨት ላይ አስሩና እንጨቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ጫኑበት።

መ. የላይኛው የዝናብ ሸራ ተወጥሮ ከውስጠኛው ጨርቅ ጋር እንዳይነካካ አድርጉ። ሁለቱ ከተጣበቁ ውኃው ወደ ውስጥ ይሾልካል። ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ገመዶቹን ደግማችሁ ወጥሩ።

ሠ. የአየር መስኮቶቹን አትዝጉ። ይህ ለብዙ ሰው ተቃራኒ ይመስለዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ተዳፋቱን ወርዶ ጅረቱ ዳር ይተኛል። አራት ሰው የሚተነፍሰው እርጥበት ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውኃ ይሆንና ጠዋት ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ዘግቶ ማሞቅ አይቻልም፤ ዘግቶ መራስ ግን ይቻላል።

3. መኝታ

ቆፈኑ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። የሚነፋ ፍራሽ ብቻውን ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ በኦክቶበር ሌሊት ጀርባ ያደርቃል። ከላዩ የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፉበት። ፍራሽ ስትገዙ ሙቀት የመያዝ አቅሙ «አር» በሚል ቁጥር ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ለሞቃት ወራት 2፣ ለኦክቶበር 4 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ስሊፒንግ ባግ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ብዙውን ጊዜ የሚያድናችሁን እንጂ የሚመቻችሁን አያሳይም፤ ከሚጠበቀው ቅዝቃዜ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያለውን ምረጡ።

ቀን የዋላችሁበትን ልብስ ለብሳችሁ አትተኙ፤ ላብ ይዟል። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲና ልብስ ለብቻው በፌስታል ቋጥሩ። ጋቢ ውሰዱ፤ ምሽት ትከሻ ላይ ጣል ለማድረግና ሌሊት ከላይ ለመደረብ የሚያክለው የለም። ግን ጥጥ ነው፤ አንዴ ከራሰ በሁለት ቀን ውስጥ አይደርቅም፣ ብልጭታም ይበላዋል። እሳት ዳር ስትቀመጡ ጫፉን ሰብስቡት።

4. ውኃ

በድንኳን ቦታዎቹ ላይ የሚጠጣ ውኃ የለም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰል፣ 2 ሊትር ለእጅና ለዕቃ አስሉ። አራት ሰው ለሁለት ቀን 48 ሊትር ይፈልጋል፤ ማለትም ሦስት ባለ 5 ጋሎን ጀሪካን፣ ለቡናውም ጭምር። አንዱ ጀሪካን ሲሞላ 19 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ቧንቧ ያለውን ገዝታችሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጡት።

የጅረቱ ውኃ የቱንም ያህል ቢጠራ ሳይታከም አይጠጣም፤ ጃርዲያ የሚባለው ተሕዋስ በዓይን አይታይም። በንጹሕ ጨርቅ አጥሉትና አፍሉት። መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማጣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ 0.2 ማይክሮን ወይም ከዚያ የጠበበ ይሁን። በውስጡ ቀጫጭን ቱቦ ያለው ማጣሪያ አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይበትም፣ ግን አያጣራም። በቀዝቃዛ ሌሊት ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ ይደር።

5. ምግብ

የካምፕ ወጥ የሚሠራው ቤት ነው። ሽንኩርቱን አቁላልታችሁ፣ በርበሬውን አብስላችሁ፣ ቁሌቱን በጠፍጣፋ የዚፕ ከረጢት አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። እዚያ ስትደርሱ ለአራት ሰው አንድ ኩባያ ሽሮ ለሦስት ኩባያ ውኃ አድርጋችሁ ቁሌቱ ላይ ብትበጠብጡ በሩብ ሰዓት ይደርሳል፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ቢላ ማጠብ፣ ዝንብ መጥራት የለም። ዶሮ ወጥም እንዲሁ በረዶ ሆኖ ይሂድ፤ ኩለሩን እያቀዘቀዘ ቆይቶ ሁለተኛው ቀን እራት ይሆናል። የጥብስ ሥጋ ተከትፎ፣ በሁለት ከረጢት ታሽጎ ከሁሉ በታች ይቀመጥ። ክትፎ ለቤት ተዉት።

እንጀራ ኩለር ውስጥ አይገባም። ቅዝቃዜው ያደርቀዋል፣ ይሰባበራል፤ የቀለጠው በረዶ ከነካው ደግሞ ያቦካዋል። በሄዳችሁበት ዕለት የተጋገረ ግዙ፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ሣጥን ጥላ ሥር አስቀምጡት። በሐሩር ወራት ከሁለት ቀን በላይ አትመኑት፣ ይሻግታል። ለአራት ሰው ከ15 እስከ 20 እንጀራ ለሁለት ቀን ይበቃል። ለመጨረሻው ቁርስ ድርቆሽ ያዙ፤ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ አይጥ ካልቀደመችው በቀር።

ኩለሩን ከጉዞው በፊት ያለውን ሌሊት በረዶ ጨምራችሁ አሳድሩት። ሞቃት ኩለር የመጀመሪያውን በረዶ ራሱ ይበላዋል። ትልቅ የበረዶ ጡብ ከተከሰከሰው በረዶ በጣም ይቆያል፤ የወተት ጋሎን ውስጥ ውኃ አቀዝቅዛችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ ሲቀልጥም ይጠጣል። የመጠጥ ኩለር ለብቻ ይሁን፤ ልጆች ለጭማቂ በየአሥር ደቂቃው የሚከፍቱት ኩለር ሥጋ አያቆይም። ውስጡ ትንሽ ቴርሞሜትር ይኑር። ሥጋና ወጥ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆዩ፣ በ32 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆዩ፣ አይበሉም።

6. እሳት

ማገዶ ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ። አሽ ዛፎቹን የጨረሰው ጥንዚዛ ከስቴት ስቴት የተጓዘው በአብዛኛው በሰው መኪና፣ ማገዶ ውስጥ ነው። ደኑ አጠገብ ግዙ፤ ወይም በሙቀት የታከመ የሚል ማኅተም ያለበትን ያዙ። መሬት ላይ የወደቀ እንጨት መልቀም ይፈቀድ እንደሆነ ስትመዘገቡ ጠይቁ። የቆመ ዛፍ፣ የደረቀ ቢሆንም፣ አይቆረጥም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው አንድ እስር ፍልጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ለአንድ ምሽት ሁለት ይበቃል።

እሳት የማይያያዝላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጭራሮ የናቁ ናቸው። ሦስት ክምር አዘጋጁ፦ እንደ ክብሪት የቀጠነ ሁለት እፍኝ፣ እንደ ጣት የወፈረ አንድ እቅፍ፣ ከዚያ ፍልጡ። ኦክ ፍሙ ያማረ ነው፤ ለመያያዝ ግን ዳተኛ ስለሆነ ከፓይን ጭራሮ ጋር አስጀምሩት። ማገዶው ከረጠበ ልጡን ላጡና ፍልጡን እንደገና ፍለጡት፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። የሚነድ እሳት ላይ ጋዝ ወይም የከሰል ማቀጣጠያ አታፍስሱ።

ጉልቻ ከጅረቱ ድንጋይ መሥራት እዚህ ትልቅ ስሕተት ነው። ለዘመናት ውኃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ በስንጥቁ ውኃ ይዟል። ሲግል ውስጡ እንፋሎት ይሆንና ድንጋዩ ሊፈነዳ፣ ስብርባሪውም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የተሠራው የብረት ቀለበት አለ፣ ድስቱን በብረት መጥበሻ መረብ ላይ ጣዱት።

ስታጠፉ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጅረቱ ባልዲ ሙሉ ይሰጣችኋል። ከመሄዳችሁ ወይም ከመተኛታችሁ ከግማሽ ሰዓት በፊት ማገዶ መጨመር አቁሙ። አፍስሱ፣ በአካፋ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ አልጠፋም። አፈር ማልበስ ማጥፋት አይደለም፤ ረመጡ ከሥር እስከ ነገ ይቆያል።

7. ቡና

ቡናው አይቀርም፤ ስለዚህ በደንብ ይፈላ። የቡታጋዝ ምድጃ የምትይዙ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። ተራ ቡቴን ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝ መለወጥ ስለሚያቅተው፣ በኖቬምበር ጠዋት ምድጃው ይሞታል። ፕሮፔን ወይም የአይሶቡቴን ቅልቅል ይሠራል። ጀበናው የሸክላ ከሆነ ሌሊት የቀዘቀዘውን በአንዴ ኃይለኛ ነበልባል ላይ አትጣዱት፤ ይሰነጠቃል። ለብ ያለ ውኃ ጨምራችሁ በዝግታ አሙቁት። የካምፕ ምድጃ እግር ለድስት የተሠራ ስለሆነ ጀበና ይንሸራተትበታል፤ ማስቀመጫ ቀለበት ያዙ።

ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ሕግ አለ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ፣ በድንኳን በር ላይ፣ መኪና ውስጥ አይገባም። ዝናብ ቢዘንብም፣ ልጅ ቢበርደውም፣ «ሊጠፋ ነው» ቢባልም አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም። እያለቀ ያለ፣ አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ከተሰማችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና 911 ደውሉ። ዝናብ ከመጣ ለቡናው ሁሉም ጎኑ ክፍት የሆነ ሸራ ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ።

ለጉዝጓዝ ሣር አትጨዱ። ከደኑ ተክል መቁረጥ አይፈቀድም፤ ረጅሙ ሣር ደግሞ የመዥገር ቤት ነው።

8. ድብ፣ አይጥና ራኩን

አሌጋኒ ካውንቲ ጥቁር ድብ ከሚራባባቸው አራቱ የሜሪላንድ ካውንቲዎች አንዱ ነው። ድቡ ሰው ፈልጎ አይመጣም፤ የሚመራው አፍንጫው ነው፣ ንጥር ቅቤና በርበሬ ደግሞ ሩቅ ይሸታሉ። ኩለር፣ እንጀራ፣ ቡና፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽን፣ የሕፃን ጡጦ ሁሉ ሌሊት መስኮቱ ተዘግቶ በተቆለፈ መኪና ውስጥ ይደር። ኩለር ጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥ መደበቅ አይደለም። ወጥ የፈሰሰበት ልብስ ለብሳችሁ ድንኳን አትግቡ። የልጅ ብስኩት ድንኳን ውስጥ ከቀረ ድብ ባይመጣም አይጥ ሸራውን ቀዳ ትገባለች።

ድብ ካያችሁ አትሩጡ። ልጆቹን ወደ እናንተ ሰብስቡ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ትልቅ ምሰሉ፣ እየተናገራችሁ በዝግታ ወደ ኋላ ሂዱ። መውጫ መንገዱን አትዝጉበት።

9. መጸዳጃና ማጠቢያ

ቦታችሁ ላይ መጸዳጃ ከሌለ ከጅረቱ፣ ከድንኳኑና ከመንገድ 60 ሜትር፣ ማለትም 80 እርምጃ ያህል ራቁ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሩና አፈሩን መልሱበት። ከዚያ ያነሰ እንስሳ ይቆፍረዋል፤ ከዚያ የጠለቀ ደግሞ ፈጥኖ አይበሰብስም። ወረቀቱን በታሸገ ከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ። እናትና አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክዳን ያለው የባልዲ መጸዳጃና ከረጢት፣ ከነትንሽ ድንኳኑ፣ ግዙ፤ ለእነሱ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል።

ዕቃ ጅረቱ ውስጥ አይታጠብም፤ ሳሙናው «ተፈጥሯዊ» ቢባልም ዓሣውን ይጎዳል። በሣፋ እጠቡ፣ ፍርፋሪውን በወንፊት አጥልላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩ፣ እጣቢውን ከጅረቱ 60 ሜትር ርቃችሁ በትኑት። የወጥ ዘይት በማሰሮ ተዘግቶ ይመለስ። ቆሻሻ የሚሰበስብላችሁ የለም፤ አራት ጠንካራ ከረጢት ያዙ።

10. መዥገር፣ እባብና ሦስት ቅጠል

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያሳምመው ድቡ ሳይሆን የሰሊጥ ፍሬ የምታክለው የአጋዘን መዥገር ናት። የላይም በሽታ ታስተላልፋለች። ሱሪና ካልሲ ላይ ፐርሜትሪን የሚባለውን የመዥገር መርዝ (0.5 በመቶ) አንድ ቀን አስቀድማችሁ ደጅ ላይ ርጩና አድርቁ። እርጥቡ ለድመት መርዝ ነው፣ ጅረት ውስጥ ከገባም ዓሣ ይገድላል፤ ስለዚህ ካምፕ ላይ አትርጩ። ቆዳ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለውን የነፍሳት ማባረሪያ ተቀቡ፤ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን አይሆንም። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ አስገቡ። ማታ ማታ ከጆሮ ኋላ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ጉያና ከጉልበት ኋላ ፈትሹ። የልጆችን ሹሩባ ሥር በጣት ዳብሱ።

ተጣብቃ ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳትጠመዝዙ ሳቡ። ቫዝሊን፣ ክብሪት፣ አልኮል አታድርጉባት፤ እነዚህ መዥገሯ በውስጧ ያለውን ተሕዋስ ወደ ቁስሉ እንድትተፋ ሊያደርጉ ይችላሉ እንጂ አያስወጧትም።

በደኑ ውስጥ ኮፐርሄድና ቲምበር ራትልስኔክ የሚባሉ መርዛም እባቦች አሉ። ጅረቱ ዳር ያለ ሙቅ ድንጋይ ይወዳሉ። እጃችሁን ወደማታዩት ስንጥቅ አታስገቡ፣ ግንድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ግንዱ ላይ ቁሙና ማዶውን እዩ፣ ሌሊት ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አትውጡ። ከነደፈ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በረዶ አታድርጉ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈውን ሰው አረጋጉና ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በአንድ አገዳ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅለው ቅጠል ፖይዝን አይቪ የሚባለው ቆዳ የሚያሳክክ ተክል ሊሆን ይችላል። ከነካችሁ በቶሎ በሳሙና ታጠቡ። ግንድ ላይ የተጠመጠመ ጠጉራም ሐረግ ያለበትን እንጨት አታንድዱ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

11. መመለስ

ጅረት ዳር ጠዋት ሁሉ ነገር በጤዛ የራሰ ነው። ድንኳኑን ከሁሉ በኋላ አፍርሱ፤ የዝናብ ሸራውን ግን አስቀድማችሁ ፀሐይ ላይ ስጡ። እንደራሰ ካሸጋችሁት በዚያው ቀን ቤት ዘርጉት። ሁለት ቀን ያደረ እርጥብ ድንኳን ይሻግታል፤ ሽታው አይለቅም፣ ውኃ የሚከላከለው ልባሱም ይላጣል።

ቤት በገባችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላችሁን ታጠቡ፤ ልብሱን ከማጠባችሁ በፊት ደረቁን ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሩት፣ የተደበቀ መዥገር ይሞታል። በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ብቻውን አይገድላትም። መዥገር የነከሰው ሰው ካለ ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየበት፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም «ምዕራብ ሜሪላንድ ደን ውስጥ አድሬ ነበር» ብሎ ይንገረው። ጥቁር ቆዳ ላይ ክቡ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊወጣ ስለሚችል በደህና ብርሃን እዩት።